ቃልን የተማረ ሰው በምን ይደር?

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ መካከል፣ በደብረ ኃይል ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ከሰው አፍ የማይለይ አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ነው። ሸማውም፣ በርበሬውም፣ ቆርቆሮውም፣ የልጆች ደብተርና እርሳሱም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያልፋል። ነጋዴ ዋጋ መናገሩ፣ ገዢም ዋጋ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ሚዛን ያልተዛባበት ገበያ በረከት ያለበት ስፍራ ነውና። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ተማሪ ቤት በገባ ጊዜ መልኩን ይለውጣል። አባት ልጁን «ምን ዐወቅህ?» ብሎ መጠየቁን ይተውና «የተማርኸው ምን ያበላሃል?» ይለዋል። ይህም ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሥነ ጽሑፍን፣ ይልቁንም የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ድረስ ተምሮ ለወጣ ሰው ነው።

ነገሩን በግልጥ እንመልከተው። ይህ ሰው የመጀመሪያውን ዲግሪ ለመቀበል ዓመታት ደከመ፤ በዚያም ላይ ሁለት ዓመት ጨምሮ ሼክስፒርንና ሚልተንን፣ ዲክንስንና የናይጄሪያውን አቼቤን አነበበ፤ መረመረ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ጽፎ በመምህራን ፊት ቆሞ ተከራከረ። በተመረቀ ማግስት ግን ጓደኞቹ ወደየበራቸው ሲገቡ እርሱ በአደባባይ ቆሞ ይቀራል። ሐኪሙን የሕመምተኛው አልጋ ይጠብቀዋል፤ መሐንዲሱን ድልድዩና ሕንፃው፣ የሕግ ዐዋቂውንም ፍርድ ቤቱ ይጠብቀዋል። ቃልን የተማረ ሰው ግን ስሙ የተጻፈበት በር አያገኝም። እንግዲህ በምን ይደር? ይህ የሆድ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ሁለት የሕሊና ጥያቄዎች በውስጡ አሉ። አንደኛው፣ ይህ ሰው እንጀራውን ለማግኘት በተማረው ቃል ምን ሊሠራበት ይገባዋል፣ ምንስ አይገባውም? የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ አብሮት የሚኖረው ከተማ ለእርሱ ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ይህ ችግር ከእንግሊዝ ቋንቋ ጋር አብሮ የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ፣ ንባብ ቤትንና ዜማ ቤትን አልፎ ወደ ቅኔ ቤት ይገባል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተናገረውን ዛሬ አይደግመውም፤ አዲስ ይቈጥራል እንጂ። ሰሙን ከወርቁ ለማስማማት ስንት ሌሊት ዐይኑን ሳይከድን ያድራል። ሆኖም ቅኔ ያስመሰከረውን ሁሉ የሚጠብቅ ሹመት አልነበረም። አንዱ መሪጌታ ሆኖ በደብር ተተከለ፤ አንዱ በገጠር ጉባኤ ዘርግቶ የኔታ ተባለ፤ አንዱ በመኳንንት ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ አንዱም ወደ አባቱ ርስት ተመልሶ ሞፈር ጨበጠ። ሌላው ደግሞ ቀለሙን ወደ አስማትና ወደ ክታብ አዙሮ የድሀውን ፍርሃት እየሸጠ ኖረ። ልብ በሉ፤ አምስቱም የተማሩት ትምህርት አንድ ነው፤ ያደሩበት እንጀራ ግን ልዩ ልዩ ነው። ከአምስቱም በሊቃውንቱ ዘንድ ነቀፌታ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ሞፈር የጨበጠው አይደለም።

የእንግሊዝ ቋንቋ በአገራችን ትምህርት ቤት የተተከለበት ታሪክ ረጅም አይደለም። ከጠላት ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ይሰማ የነበረው የፈረንሳይ ቋንቋ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ወሰደ። በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሄራልድ የተባለው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከአብዮቱም በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። የድኅረ ምረቃ ትምህርትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫቸውን በአዲስ አበባ ስላደረጉ፣ እንግሊዝኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በብዙ ይፈለግ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራ የተማረውን ሰው ይፈልገው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬም በሮቹ ፈጽመው አልተዘጉም። በዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን አለ፤ ከትርጉም፣ ከጋዜጣና ከራዲዮ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ሥራ፣ ከኤምባሲና ከእርዳታ ድርጅት የሪፖርት ጸሐፊነት፣ መጻሕፍትን ከማረም የሚገኝም እንጀራ አለ፤ ወደ ዶክትሬት መቀጠልም አለ። በጣት ይቈጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ በሆኑበት ዘመን ብዙ የሥነ ጽሑፍ ምሩቃን በየክፍላተ ሀገሩ የመምህርነት ወንበር አግኝተዋል። ነገር ግን ወንበር ሲሞላ የኋለኛው ቆሞ ይቀራል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲገባ መንግሥት በወሰነ ጊዜ፣ ወላጆች ነገሩን እንደ ፍርድ ሰሙት፤ ቃልን መማር የተረፈው ሰው ትምህርት መሰላቸው።

በዚህ ስፍራ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ስለ ኑሮ ምርጫ የሚሰጠውን ምስክርነት መስማት ይገባል፤ ምስክሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ደራሲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1759 ዓመት «ራሴላስ» የሚባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ነው። ልዑሉ ሁሉ በተሟላበት፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ሲኖር ምቾቱ ሰለቸው፤ ከእኅቱና ኢምላክ ከሚባል ባለቅኔ ጋርም ወጥቶ እስከ ግብፅ ሄደ። አሳቡ የሰውን ኑሮ ሁሉ መርምሮ የሚሻለውን ለመምረጥ ነበር። እረኞችን አየ፤ በልባቸው ቂም እንዳለ አገኘ። ባሕታዊን አየ፤ ወደ ከተማ ሊመለስ ሲናፍቅ አገኘው። የልብን ምኞት ስለ መግዛት የሚያስተምር ፈላስፋ አየ፤ ሴት ልጁ በሞተችበት ቀን ግን ትምህርቱ ራሱን ሊያጽናናው አልቻለም። ከዋክብትን የሚመረምር ሊቅም አየ፤ እርሱም ዝናምንና ፀሐይን የማዝዝ እኔ ነኝ ብሎ እስከ ማመን ደርሶ ነበር። በመጨረሻም ልዑሉ ፍጹም ደስታ የሚሰጥ ሥራ አላገኘምና ከወዳጆቹ ጋር ወደ አገሩ ለመመለስ ቈረጠ።

ይህን የጻፈው ሰው የሥራን ችግር በመጽሐፍ ብቻ ያወቀው አልነበረም። ወደ ኦክስፎርድ ገብቶ ሳለ በድህነት ምክንያት ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። መምህርነትን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያም በሎንዶን ለመጻሕፍት ነጋዴዎች እየጻፈ ዐደረ። የፖርቱጋሉ ቄስ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የመንገድ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ማሳተሙ የዚህ ዘመን ሥራው ነው። ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈጽሞ ሊያሳትም በተቃረበ ጊዜ፣ በ1755፣ ኦክስፎርድ የማስተርስ ማዕርግ ሰጠው። «ራሴላስን»ም ቢሆን የጻፈው እናቱ በሞተች ጊዜ ለቀብሯ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለማግኘት ነው። እንግዲህ ለእንጀራ መጻፍ ኃጢአት እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን። ሰውየው ለገንዘብ ጻፈ፤ ነገር ግን በገንዘቡ ምክንያት የማያምንበትን አልጻፈም።

ይህንም መጽሐፍ ከነጻነት በኋላ ወደ አማርኛ የመለሱት በኦክስፎርድ የተማሩት አቶ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በወጣትነታቸው በእንጦጦው በራጉኤል ደብር የነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የጠገቡ ሊቅ ነበሩ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ከራጉኤል ደጅ የተነሣው የቃል ፍቅር በአባት ዘመን ከግእዝ ወደ አማርኛ፣ በልጅ ዘመን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር እናያለን። አባት መጻሕፍትን ሲጽፉ የመንግሥት ሥራ ነበራቸው። በዚያ ሥራ መኖራቸው ግን መጽሐፉን የመጻፍ ዕዳ ከእነርሱ ላይ አላነሣላቸውም።

ሌሎችንም እናስብ። አቶ ሀዲስ ዓለማየሁ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሲሆኑ ኑሯቸው በዲፕሎማትነትና በመንግሥት ሹመት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ድርሰት ሰጡን። አቶ መንግሥቱ ለማ የታወቁት የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ በሎንዶን ተምረው ተመልሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በሕንድ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠሩ፤ ተውኔትም ጻፉ፤ የእንግሊዙን የፕሪስትሊን ተውኔት «ጠያቂ» ብለው ወደ አማርኛ አመጡት፤ ኋላም በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአሜሪካ የተማሩት ሕግን ነበር፤ ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገሩ ግን እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዲፕሎማ የሹመት ደብዳቤ እንዳይደለ ግልጥ ነው። ሰው የሚኖርበት ሥራና ሰው የተጠራበት ሥራ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለትም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት በሆኑም ጊዜ አንዱ ሌላውን እንዳያረክሰው መጠንቀቅ እንጂ ማልቀስ አይገባም።

ምናልባት ከካህናት ወገን፣ «የባዕድ ሕዝብ ተረት ለክርስቲያን ምን ይጠቅማል? እንዲህ ያለውን የተማረ ሰው ቢራብ ማን አስገደደው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ መጽሐፍ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና በቆመ ጊዜ የግሪክን ባለቅኔዎች ያውቅ ነበርና የእነርሱን ቃል ለወንጌል ምስክር አድርጎ አመጣ። ታላቁ ባስልዮስ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የግሪክን መጻሕፍት ማንበብን በንብ መሰለው፤ ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል አትሄድም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን ትታ ትሄዳለች። የእንግሊዝን መጻሕፍት የተማረ ሰውም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። የባዕድን ቃል መማር ጥፋት የሚሆነው ንቧ ከአበባው ላይ ቀርታ ወደ ቀፎዋ ሳትመለስ ስትቀር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀለሙን ወደ ክታብ ያዞረውን ደብተራ ስለ ምን ነቀፍነው? ድሀ ስለ ነበረ አይደለም፤ ገንዘብ ስለ ተቀበለም አይደለም፤ መሪጌታውም የኔታውም ይቀበላሉና። የነቀፍነው ሰው በዕውቀቱ ላይ የጣለውን እምነት ለሐሰት ስለ ሸጠው ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ በክታቡ ላይ የተጻፈውን መመርመር አይችልም፤ የጸሐፊውን ሕሊና ብቻ ተማምኖ በአንገቱ ያሥረዋል።

በዘመናችንም ይህን የመሰለ ክታብ አለ። ሥራ ያጣ የቋንቋ ምሩቅ በተጨነቀ ጊዜ አንድ ሰው ይመጣበትና፣ «የመመረቂያ ጽሑፌን ጻፍልኝ፤ ዋጋውን ተናገር» ይለዋል። የቤት ኪራይ ደርሷል፤ ልጅ ታማለች፤ የሚጠየቀውም የሚያውቀው ሥራ ነው። ስለዚህ ይጽፋል። ገዢው ያልጻፈውን ጽሑፍ በስሙ ያቀርባል፤ ጋዋን ለብሶ ይመረቃል፤ በዚያ ወረቀትም በወንበር ላይ ይቀመጣል። ሌላውም ደግሞ ያልተቈፈረ የውኃ ጕድጓድ እንደ ተቈፈረ፣ ያልተማሩ ልጆች እንደ ተማሩ አድርጎ ባማረ እንግሊዝኛ ሪፖርት እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ ይጽፍማል። እነዚህ ሁለቱ እጃቸውን አላከራዩም፤ ምስክርነታቸውን ሸጡ እንጂ። በጽሑፍ ላይ ስምን ማኖር «ይህን እኔ መረመርሁ፤ እኔ አየሁ» ብሎ መመስከር ነውና፤ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝም በፍርድ ቤት ለቆመ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም።

«እኔ ብተወው ሌላው ይጽፍለታል፤ እኔና ልጆቼ ብቻ እንራባለን» የሚለውን ክርክር በንቀት ማለፍ አይገባም፤ የተራበ ሰው ክርክር ነውና። ነገር ግን ይመርመር። በጨለማ የሚሸጠው ጽሑፍ ሲበዛ ዲግሪ ሁሉ ይረክሳል፤ ሲረክስም ዋጋውን አስቀድሞ የሚያጣው በላቡ የተማረው የዚያው የጸሐፊው ዲግሪ ነው። አሠሪው የእውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ካልቻለ ሁለቱንም ከደጅ ይመልሳቸዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ዛሬ የሚበላው የነገ ዘሩን ነው። ከዚህም የሚከፋው በማያውቀው ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ባልመረመረው ምርምር የተሾመ ሰው ነገ በሌሎች ልጆች፣ ምናልባትም በሕሙማን ላይ ይሾማል። የክታቡን ጉዳት የሚሸከም ጸሐፊው አይደለም፤ በአንገቱ ያሠረው ነው።

ቃልን በእውነት ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከእንጀራ ይበልጣል። በዓሉ ግርማ በአሜሪካ በሚሺጋን ሁለተኛ ዲግሪውን ተምሮ የተመለሰ፣ በጋዜጦችና በማስታወቂያ ሚኒስቴር የሠራ ደራሲ ነበር። የደመወዙ ምንጭ የመንግሥት ቃል ነበር። በ1975 ዓ.ም. ግን «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ መጽሐፉ ተከለከለ፤ እርሱም ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ይህን የምናነሣው ምሩቅ ሁሉ እንዲህ ያለውን መሥዋዕት ይክፈል ለማለት አይደለም። ሰማዕትነት ለተሰጠው እንጂ ለሁሉ የሚታዘዝ አይደለም። ነገር ግን እውነትን በመናገር መሞት ከሁሉ ባይፈለግ፣ ሐሰትን ለመሸጥ እንቢ ማለት ከሁሉ ይፈለጋል።

እንቢ ያለውስ በምን ይደር? በማናቸውም በታመነ ሥራ ይደር። ቅዱስ ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሳለ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ዐደረ፤ ይህንም የተናገረው ሳያፍር ነው። እኛ ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በመርካቶ ሱቅ የከፈተውን ሰው ባየን ጊዜ ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ «ትምህርቱ ባከነ» እንላለን። ባከነ የሚባለው ምኑ ነው? ሚዛኑን ካላዛባ፣ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር የሚጻጻፈውን ውል አንብቦ ለጎረቤቱ በታማኝነት ከገለጠለት፣ ማታም መጽሐፉን ከገለጠ፣ ትምህርቱ በእርሱ ላይ ፍሬ አፍርቷል። በዚያው በመርካቶ ከአነስተኛ ሥራ ተነሥተው በትጋት ትልቅ ነጋዴ የሆኑትን እናከብራለን። የተማረውን ግን ያንኑ መንገድ ሲጀምር በመናቃችን ወደ ሐሰተኛው ጽሑፍ የምንገፋው እኛ ራሳችን እንሆናለን፤ ሰው ከረኀብ ይልቅ ከኀፍረት ለመሸሽ ብዙ ክፉ ይሠራልና።

በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለ፣ በታዘዘ ጊዜ ያማረ እንግሊዝኛ በቅጽበት የሚጽፍ መሣሪያ ወጥቷል። ብዙዎች «እንግዲህ ቋንቋ የተማረ ሰው ሥራው አለቀ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቃልን ማሳመር ብቻ ሥራው የነበረ ሰው ይቸገራል። ነገር ግን መሣሪያው የጻፈው እውነት ይሁን ሐሰት፣ የአማርኛው ምሥጢር በእንግሊዝኛው ጠፍቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልጠፋ ማን ይመሰክራል? ስሙንስ ጽፎ ኃላፊ የሚሆን ማነው? ያማረ ቃል እንደ ውኃ በበዛበት ዘመን የሚታጣው የታመነ ምስክር ነው። ስለዚህ ከላይ የተናገርነው የሕሊና ነገር ከእንጀራው ጋር የተገናኘ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ከተማው ዕዳ እንናገር፤ ምሩቁን ብቻ መክሮ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናልና። በእኛ ዘንድ የተለመደ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ቋንቋ የሚያውቅ ወዳጅ ወይም ዘመድ ስናገኝ «ይህችን አንዲት ገጽ ብቻ መልስልኝ» እንለዋለን፤ ሲፈጽምም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እንሄዳለን። በር የሠራልንን አናጢ ግን እንዲህ አንለውም። የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት በእግዚአብሔር ፊት የሚጮኽ ግፍ ከሆነ፣ የተርጓሚውንና የአራሚውን ድካም በምርቃት ብቻ ማለፍ ምን ይባላል? የተማረው ሰው እውነተኛውን ሥራ ሠርቶ ዋጋ ካጣ፣ ሐሰተኛውንም ሲሠራ ዋጋ ካገኘ፣ የገበያውን ሚዛን ያዛባነው እኛ ነን።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለችም። ክብረ ነገሥትን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922፣ ስንክሳራችንን በ1928 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የብሪታንያ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ዋሊስ በጅ ነው። ድካሙን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በእኛ ጓዳ ያለውን መዝገብ ባዕድ ሲያወጣው መቶ ዓመት ያህል ቆመን ማየታችን አያስመሰግነንም። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የተወለዱ ልጆቻችን በቅዳሴ መካከል ቆመው የሚሰሙትን አይለዩም፤ ጸሎቱንና ገድሉን፣ የአባቶችንም ትርጓሜ በታረመ እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ ግእዝ ዐዋቂ ብቻውን አይፈጽመውም፤ እንግሊዝኛ ዐዋቂም ብቻውን ቢነካው ያበላሸዋል። ሁለቱ ግን በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፣ ሊቁ ምሥጢሩን ቢናገር፣ ምሩቁ ቋንቋውን ቢያበጅ፣ የሰበካው ጉባኤም ለሁለቱ ደመወዝ ቢቈርጥ፣ ሥራ የሌለው የመሰለን ሰው ለዕድሜው ሁሉ የሚበቃ ሥራ ባገኘ ነበር። ለሕንፃ የሚዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደዚህ ቢዞር ሕንፃው አይጎድልበትም።

እንግዲህ፣ የተማርህ ወንድሜ፣ የተማርሽም እኅቴ ሆይ፤ ሥራ ስትፈልጉ በሩ ሁሉ የእናንተ ስም የተጻፈበት እንዲሆን አትጠብቁ። ለማስተማር ቢከፈትላችሁ አስተምሩ፤ ለመተርጐም ቢከፈትላችሁ ተርጕሙ፤ ሱቅም ቢሆን፣ እርሻም ቢሆን፣ እጃችሁን በእርሱ ማኖርን አትፈሩ። ከአንድ በር ብቻ ራቁ፤ እርሱም ስማችሁ ሳይታይ ምስክርነታችሁ የሚሸጥበት በር ነው። ከተገኘውም እንጀራ ላይ ጥቂት ሰዓት ቈርሳችሁ ከተማራችሁት አንድ ነገር ለአገራችሁ ቋንቋ መልሱ፤ ባይታተምም እንኳ የታረመ ይሁን።

አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ይህን ማለታቸው የተማረ ሰው ባይራራ እንኳ ፍርድ አያጣምም፣ ቃሉንም አያጥፍም ብለው ስላመኑ ነው። ያ እምነት በማንም ዲግሪ ላይ አልተጻፈም፤ በታመነ ሥራ ይገኛል፤ በአንድ ሐሰተኛ ወረቀትም ይጠፋል። ለተማሩት ቃላቸውን እንዲጠብቁ፣ ለእኛም የጠበቁትን እንዳናስርብ እግዚአብሔር ልቡና ይስጠን።